የአሮጌ መኪና ሞተር ኮምፒዩተር የልክ መዝገብ፤ ስለ አጠባበቁና ስለ መጋራቱ

አንድ ዕቃ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ገበያ ሲጓዝ ሁለት ነገሮች አብረው ይጓዛሉ፤ አንደኛው በእጅ የሚዳሰሰው ዕቃ ራሱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ስለ ዕቃው የሚታወቀው ዕውቀት ነው። ዕቃው አዲስ በሆነ ጊዜ ዕውቀቱ በፋብሪካው መዝገብ ቤት፣ በወኪሉ ጋራዥና በሻጩ ጠረጴዛ ላይ በብዛት ስለሚገኝ ማንም ዋጋ አይሰጠውም። ዕቃው እያረጀ ሲሄድ ግን ፋብሪካው ሌላ ዐይነት መሥራት ይጀምራል፤ ወኪሉም አሮጌውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው ያወርዳል። በዚያን ጊዜ ዕቃው በባለቤቱ እጅ ሳለ ዕውቀቱ ይጠፋል። ዕውቀቱ የጠፋበት ዕቃ ደግሞ ብረቱ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ዋጋው ወደ ውዳቂ ብረት ዋጋ ይወርዳል።

ይህ ጉዳይ ጎልቶ ከሚታይባቸው ዕቃዎች አንዱ የመኪና ሞተር ኮምፒዩተር ነው። በዚህ ሳምንት ትምህርት የሚመለከተውም፣ ፋብሪካው በምሥጢር ይዞት የነበረውን የአሮጌ መኪናዎች የልክ ቁጥር፣ ለትርፍ ሳይሆን ለሥራው ፍቅር ብለው የሚደክሙ አማተሮች እንዴት ፈልገው እንዳገኙት፣ እንዴትስ ለሌላው እንዳካፈሉት፣ ከዚህም የመኪናና የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ ምን ሊማር እንደሚገባው ነው። እነዚህ ሰዎች፣ ባለ ክራር ክሩን እየጠበቀና እያላላ ድምፁን እንደሚያስማማ ሁሉ፣ የሞተርን ቤንዚንና እሳት ስለሚያስማሙ በዚህ ጽሑፍ «ሞተር ቃኚዎች» ተብለው ይጠራሉ።

1. ኮምፒዩተር ወደ ሞተር እንዴት ገባ

በቀድሞው ዘመን የቤንዚኑን ልክ የሚወስነው ካርቡራተር፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ የሚወስነው ደግሞ ዲስትሪቢዩተር ነበር። ሁለቱንም ጎበዝ ሜካኒክ በካቻቢቴና በጆሮው ያስተካክላቸው ነበር። ነገር ግን በታላላቅ ከተሞች የመኪና ጭስ እየበዛ በመሄዱ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1970 የአየርን ንጽሕና የሚጠብቀውን ሕግ አጠበቀ። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ አብዛኞቹ አዳዲስ መኪናዎች ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለውን የጭስ ማጣሪያ ይዘው መውጣት ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የተሻሻለው ማጣሪያ ሥራውን በሚገባ የሚሠራው ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ሲደርሰው ነው። ይህንን ልክ ሞተሩ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም፣ ዳገት ሲወጣም ቁልቁለት ሲወርድም ሳያዛቡ መጠበቅ ከካርቡራተር ዐቅም በላይ ሆነ። ስለዚህም የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ የቤንዚኑንና የእሳቱን ሥራ በአንድ ኮምፒዩተር የሚያዘውን ሞትሮኒክ የተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1979 በቢ ኤም ደብልዩ 732አይ መኪና ላይ አዋለ። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ በአገሩ በሚሸጣቸው የቤንዚን መኪናዎች በሙሉ ማለት በሚቻል ሁኔታ ኮምፒዩተር አስገባ። ከዚያ ወዲህ የሞተሩ ጠባይ የሚወሰነው በሜካኒኩ ካቻቢቴ ሳይሆን በአንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ በተጻፉ ቁጥሮች ሆነ።

2. የልክ ሰንጠረዥ ማለት ምን ማለት ነው

በኮምፒዩተሩ የማስታወሻ ቺፕ ውስጥ ሁለት ዐይነት ጽሑፍ ይገኛል። አንደኛው ኮምፒዩተሩ ምን ምን እንዲሠራ የሚያዘው ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ካሊብሬሽን ወይም የልክ ሰንጠረዥ የሚባለው ነው። ልዩነቱን ለመረዳት የሱቅን ሥራ ማሰብ ይበቃል፤ ፕሮግራሙ እንደ ሻጩ ሲሆን፣ የልክ ሰንጠረዡ ሻጩ እያየ የሚሸጥበት የዋጋ ዝርዝር ነው። ሻጩ ሳይለወጥ የዋጋ ዝርዝሩ ብቻ ቢለወጥ የሱቁ ሥራ በሙሉ እንደሚለወጥ፣ ፕሮግራሙ ሳይነካ የልክ ሰንጠረዡ ብቻ ቢለወጥ የሞተሩ ጠባይ በሙሉ ይለወጣል።

ኮምፒዩተሩ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞርና ምን ያህል ጭነት እንዳለበት ከሴንሰሮቹ ይሰማና፣ በሰንጠረዡ ውስጥ የሁለቱን መገናኛ ፈልጎ እሳቱ ከስንት ዲግሪ በፊት እንዲሰጥ፣ ቤንዚኑም ምን ያህል እንዲረጭ ይወስናል። ሞተሩ ሲሞቅ ቬንቲላተሩ በስንት ዲግሪ እንደሚነሣ፣ ብርድ በሆነ ማለዳ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚጨመር፣ ይህ ሁሉ በዚያው ተጽፎ ይገኛል።

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባ መኪና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር ያለው መኪና እዚህ ሲደርስ ቤንዚን ስለሚበዛበት ጥቁር ጭስ ያጨሳል፤ ጉልበቱም ይደክማል። ኮምፒዩተር ያለው መኪና ግን የአየሩን መጠን ወይም ግፊት ለክቶ፣ በልክ ሰንጠረዡ በተጻፈለት መሠረት ቤንዚኑን ይቀንሳል። እንግዲህ ሰንጠረዡ ትክክል ከሆነ ባለ መኪናው ከፍታውን እንኳ ሳያስተውለው ይቀራል፤ ሰንጠረዡ የሌላ ሞተር ከሆነ ግን ጉዳቱ በቤንዚን ወጪና በሞተሩ ጤና ላይ ይታያል።

3. ቁጥር ያለ ማብራሪያ ድዳ ነው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1989 በካማሮ፣ በፋየርበርድና በኮርቬት መኪናዎች ላይ ያዋለው ኮምፒዩተር ቁጥሩ 1227165 ነው። ሳጥኑ በውጭ ሲታይ አንድ ዐይነት ነው፤ ነገር ግን ባለ 5.0 ሊትሩ ሞተርና ባለ 5.7 ሊትሩ ሞተር፣ እንደዚሁም የእጅ ማርሽ ያለውና አውቶማቲኩ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የልክ ሰንጠረዥ አላቸው። ሰንጠረዡ የሚገኘው ሜምካል በምትባል፣ ከሳጥኑ ልትነቀል በምትችል ትንሽ ካርድ ላይ ነው። በካርዷ ላይ ያለችው ቺፕ 16,384 ቁጥሮችን ትይዛለች፤ እያንዳንዱም ቁጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል።

ከእነዚህ አንዱ ቁጥር 160 ነው እንበል። ይህ ቁጥር ምን ማለት ነው? የሙቀት ቁጥር ከሆነ የአፈታቱ ደንብ በ0.75 አባዝቶ 40 መቀነስ ነው፤ 160 በ0.75 ሲባዛ 120፣ ከዚያ 40 ሲቀነስ 80 ይሆናል፤ ስለዚህ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው። የእሳት ጊዜ ቁጥር ከሆነ ግን በ90 ተባዝቶ ለ256 ይካፈላል፤ ያን ጊዜ 56.25 ዲግሪ ይሆናል። እነሆ፣ ያው አንዱ ቁጥር በአንድ ስፍራ የራዲያተር ውሃ ሙቀት፣ በሌላ ስፍራ የካንዴላ እሳት ይሆናል ማለት ነው። የትኛው ቁጥር የትኛው እንደሆነ የሚገልጸው መዝገብ ከሌለ 16,384ቱም ቁጥሮች ድዳ ናቸው።

ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። የባለ 5.0 ሊትሩ ሞተር ኢንጀክተር በሰዓት 19 ፓውንድ፣ የባለ 5.7 ሊትሩ በሰዓት 22 ፓውንድ ቤንዚን ያሳልፋል። አንድ ሰው አነስተኛውን አውልቆ ትልቁን ቢገጥምና በሰንጠረዡ ውስጥ ያለውን የኢንጀክተር ቁጥር ሳይለውጥ ቢተወው፣ ኮምፒዩተሩ ኢንጀክተሩን የሚከፍተው እንደ ቀድሞው ነውና፣ 22 ለ19 ሲካፈል እንደሚታየው 16 ከመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ይረጫል። የኦክስጅን ሴንሰሩ ይህን አይቶ በተቻለው ያርማል፤ ባለ መኪናው ግን ዕቃው የተበላሸ መስሎት ሻጩን ይከሳል። ጥፋቱ ከኢንጀክተሩ ሳይሆን ከቁጥሩ ነው።

ኮምፒዩተሩ ምን ያህል እንዳረመም ይታወቃል። በዚህ ዘመን መኪናዎች ከመሪው ሥር 12 ቀዳዳ ያለው ማገናኛ ይገኛል፤ በእርሱም ኮምፒዩተሩ የሚያየውንና የሚሠራውን ይናገራል። ከሚናገራቸው ቁጥሮች አንዱ የቤንዚን ማረሚያ ነው፤ 128 ከሆነ ሰንጠረዡና ሞተሩ ተስማምተዋል ማለት ነው። 138 ከሆነ ኮምፒዩተሩ 8 ከመቶ ያህል ቤንዚን እየጨመረ ነው፤ ከ128 ካነሰ ደግሞ እየቀነሰ ነው። ይህን የሚያውቅ ሜካኒክ ለአምስት ደቂቃ አይቶ ሕመሙን ያገኛል፤ የማያውቀው ግን ካንዴላውን፣ ፓምፑንና ኢንጀክተሩን በየተራ እያስለወጠ ባለ ገንዘቡን ያከስራል።

4. መዝገቡ እንዴት ተገኘ

ፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ያሳትም ነበር እንጂ የልክ ሰንጠረዡን አቀማመጥ ለሕዝብ አላወጣም። ሞተር ቃኚዎቹ ስለዚህ በሌላ መንገድ መሄድ ግድ ሆነባቸው።

የመጀመሪያው መንገድ ቺፑን ማንበብ ነው። ኢፕሮም የሚባለውን ይህን የቺፕ ዐይነት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢንቴል ኩባንያ የፈጠረው ዶቭ ፍሮማን የተባለ መሐንዲስ ነው። በጀርባው ትንሽ የመስታወት መስኮት ያለው ሲሆን፣ በዚያ በኩል አልትራቫዮሌት የተባለ ብርሃን ሲበራበት ጽሑፉ ይጠፋል፤ ከዚያም እንደገና ይጻፍበታል። ይህን የሚያነብና የሚጽፍ መሣሪያ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ሊገዛው የሚችል በመሆኑ ቁጥሮቹን አውጥቶ ማየት አስቸጋሪ አልነበረም፤ አስቸጋሪው መተርጎሙ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ማነጻጸር ነው። በሌላው ሁሉ አንድ ሆነው በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ የሁለት መኪናዎች ካርዶች ይወሰዳሉ፤ ለምሳሌ አንደኛው የእጅ ማርሽ፣ ሁለተኛው አውቶማቲክ ይሆናል። ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አብዛኞቹ አንድ ይሆናሉ፤ የተለያዩት ጥቂቶች ግን ከማርሹ ጋር የተያያዙ መሆናቸው ይጠረጠራል። ነጋዴ የሁለት ወር ሒሳብ አስተያይቶ ጉድለቱ ከየት እንደመጣ እንደሚያገኝ ማለት ነው።

ሦስተኛውና አድካሚው መንገድ ፕሮግራሙን ራሱን ትእዛዝ በትእዛዝ ፈቶ፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ የትኛውን ቁጥር እንደሚያነብና በቁጥሩም ምን እንደሚያደርግ በኅዳጉ ላይ መጻፍ ነው። ለአንድ ኮምፒዩተር ይህን ሠርቶ ለመጨረስ የወራት፣ አንዳንድ ጊዜም የዓመታት ድካም ይጠይቃል። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ሁሉ ለመፈጸም ዕድሜው አይበቃውም። መጋራት የመጣውም ከዚህ ችግር ነው፤ አንዱ የእሳቱን ሰንጠረዥ ሲያገኝ፣ ሌላው የቬንቲላተሩን ቁጥር ሲያገኝ፣ ሦስተኛው የአንደኛውን ስሕተት ሲያርም መዝገቡ ቀስ በቀስ ሞላ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በዚህ ተፈጸመ። ዛሬ ይህ መዝገብ ቱነርፕሮ በሚባለው የሥራ ፕሮግራም በሚነበብ የትርጉም ፋይል ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ ለሱባሩ መኪናዎችም ሮምሬደር የተባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም አለ። እንደዚሁም እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1995 የተሠሩት የሆንዳ ኮምፒዩተሮች በዚሁ መንገድ ተተርጉመዋል።

5. የመጋራቱ ሥርዓት

ዕውቀትን መጋራት መልካም ነው ሲባል ያገኙትን ሁሉ መበተን ማለት አይደለም። ስሕተት ያለበት መዝገብ ከሌለ መዝገብ ይከፋል፤ ምክንያቱም የሌለው ሰው ይጠነቀቃል፣ ስሕተት የያዘው ግን ተማምኖ ይሠራል። የእሳቱ ሰንጠረዥ ባልተገባ ሁኔታ ቢቀደም ቤንዚኑ ያለጊዜው እየፈነዳ ፒስተኑን ይሰብራል። ስለዚህ ከልምድ የተነሣ ጠንካራ ሥርዓት በመካከላቸው ተፈጥሯል፤ ዋና ዋናዎቹም የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ማንም ሰው ቺፑን ከመለወጡ በፊት የፋብሪካውን ጽሑፍ ሳይነካ አንብቦ ያስቀምጣል። ዋናው ቅጂ ከጠፋ የተበላሸውን መልሶ ማቃናት አይቻልም።

ለ) መዝገቡ የየትኛው ኮምፒዩተርና የየትኛው ካርድ እንደሆነ በግልጽ ይጻፋል። በጄኔራል ሞተርስ ካርዶች ላይ አራት የላቲን ፊደሎች ያሉበት መለያ አለ፤ ይህ መለያ ያልተጻፈበት መዝገብ ባለቤቱ እንዳልታወቀ ደብዳቤ ይቆጠራል።

ሐ) የተረጋገጠውና የተገመተው ይለያያሉ። በሞተር ላይ ተሞክሮ የታየው «የተረጋገጠ»፣ በሐሳብ ብቻ የተገኘው «ግምት»፣ ያልታወቀውም «ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፋል። «አላውቀውም» ብሎ መጻፍ ከሁሉ የበለጠ ክብር ያለው ማስታወሻ ነው።

መ) መዝገቡ በታረመ ቁጥር አዲስ የእትም ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማን ምን እንዳረመም ይገለጻል። ይህም የቀደመውን ሰው ድካም ከመስረቅ ይከለክላል።

ሠ) ኮምፒዩተሩ ሥራ ሲጀምር የቺፑን ቁጥሮች ደምሮ ድምሩን ከተጻፈለት ድምር ጋር ያስተያያል፤ ካልተስማማ በስሕተት ቁጥር 51 የማስጠንቀቂያውን መብራት ያበራል። የሒሳብ ሠራተኛ ገጹን ደምሮ ሳያረጋግጥ መዝገቡን እንደማይዘጋ፣ ሞተር ቃኚም ድምሩን ሳያስተካክል ቺፑን አይገጥምም።

ረ) ካርዱ ቁጥር ብቻ እንዳልሆነ ይታወሳል። ሜምካል ከቺፑ ሌላ፣ ኮምፒዩተሩ ሲታመም መኪናው እንደምንም ቤቱ እንዲደርስ የሚያደርገውን መጠባበቂያ፣ በአንዳንድ ዐይነቶቹም የሞተሩን የፍንዳታ ድምፅ የሚለየውን ማጣሪያ ይይዛል። ሁለቱም ለየሞተሩ የተለኩ ናቸው። ቺፑ በትክክል ተጽፎ ሳለ ካርዱ የሌላ ሞተር በመሆኑ ብቻ ችግር ሊነሣ ይችላል።

6. ሕግ ምን ይላል

ነጋዴ ሕግ የማያውቅበት ዕቃ አይነካም። በዚህ ጉዳይ ላይ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛው የቅጂ መብት ነው። ፋብሪካው የጻፈው ፕሮግራምና ያሳተመው መጽሐፍ የፋብሪካው ንብረት ነው፤ በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ቆጥሮታል። ሰው በራሱ ድካም መርምሮ ያገኘው ማብራሪያና ከፋብሪካው መዝገብ ቤት የወጣ ምሥጢራዊ ወረቀት ግን አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው የመርማሪው ሥራ ሲሆን፣ ሁለተኛውን ማባዛት በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል።

ሁለተኛው የቁልፍ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሕግ፣ የጽሑፍ ባለቤት ያበጀውን የኤሌክትሮኒክ ቁልፍ መስበርን ከለከለ። ባለ መኪናዎችና ገበሬዎች፣ «በገዛነው መኪናና ትራክተር ላይ እኛ ካልሠራን ማን ይሠራል?» ብለው አቤቱታ በማቅረባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ለምርመራ፣ ለጥገናና ሕጋዊ ለሆነ ማሻሻያ ልዩ ፈቃድ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቃዱ ሲታደስ ባለቤቱን የሚረዳ ሌላ ባለሙያም እንዲጠቀምበት ተደረገ። የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2012 የመኪና ፋብሪካዎች ለወኪሎቻቸው የሚሰጡትን የጥገና ዕውቀት ለግል ጋራዦችም በተገቢ ዋጋ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ።

ሦስተኛው የጭስ ሕግ ነው። መኪናው የባለቤቱ ቢሆንም አየሩ የሁሉም ነው። የጭስ ማጣሪያውን ሥራ ለማሰናከል ሲባል የልክ ቁጥርን መለወጥ በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው ፈቃድም ይህን ክልከላ አላነሣም።

7. የተጋራው መዝገብ ለሕዝብ የሰጠው ጥቅም

አንባቢ፣ «የጥቂት አማተሮች ወረቀት ለዓለም ምን ይጠቅማል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ እ.ኤ.አ. በ2015 ከተገለጠው የቮልስዋገን ጉዳይ ይገኛል። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ የኩባንያው የናፍጣ መኪናዎች በምርመራ ላይ መሆናቸውን ለይተው ሲያውቁ ጭሳቸውን የሚቀንሱ፣ በመንገድ ላይ ግን የሚለቁት መሆናቸውን አስታወቀ። ተንኮሉ የተደበቀው በብረት ውስጥ ሳይሆን በፕሮግራምና በቁጥር ውስጥ ነበር።

ተንኮሉ እንዴት እንደተሠራ ለማወቅ በጀርመን የቦኹም ሩር ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ የሚገኙ ተመራማሪዎች ፕሮግራሙን መመርመር ጀመሩ። ያለ ማብራሪያ ግን ቁጥሮቹ ለእነርሱም ድዳ ነበሩ። የረዳቸውም በሞተር ቃኚዎች መካከል ሲዘዋወር የቆየው የኮምፒዩተሩ ማብራሪያ ሰነድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት በስምንት ዓመት ጊዜ ውስጥ የወጡ ከ900 በላይ የኮምፒዩተር ጽሑፎችን መርምረው ከ400 በላይ በሚሆኑት ውስጥ ለማታለያ ሊያገለግል የሚችል ነገር ማግኘታቸውን ገለጹ። እንግዲህ ለመኪና ፍቅር ተብሎ የተጠበቀ ወረቀት የታላቅ ኩባንያን ሚዛን ለመመርመር ዋለ ማለት ነው። በሐሰተኛ ሚዛን ከሚሸጥ ጋር ውድድር የገባ ቅን ነጋዴ የዚህን ጥቅም ከማንም በላይ ይረዳዋል።

8. ለኢትዮጵያ ነጋዴ የሚሆን ትምህርት

በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ ቀድሞ የገቡት መኪናዎች ዕድሜ በጥገና ላይ የሚመሠረት ሲሆን፣ የጥገናውም ሥራ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከብረት ይልቅ በኮምፒዩተር ላይ እየበረታ ይሄዳል። በመርካቶም ሆነ በሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮምፒዩተር ለሚሸጥና ለሚገዛ ሰው ከላይ የተነገረው ሁሉ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

አንድ ነጋዴ ከውጭ አገር ያገለገሉ የሞተር ኮምፒዩተሮችን በጅምላ ገዛ እንበል። ሳጥኖቹ ይመሳሰላሉ፤ ማገናኛቸውም ይገጥማል። በቶዮታ መኪናዎች ላይ የሞተሩ ኮምፒዩተር ቁጥር በ89661 ይጀምርና ሌሎች አምስት ምልክቶች ይከተሉታል፤ ነጋዴው የመጀመሪያዎቹን አይቶ የኋለኞቹን ችላ ይላል። ነገር ግን የእጅ ማርሹን ከአውቶማቲኩ፣ የአንዱን አገር መኪና ከሌላው አገር መኪና የሚለዩት እነዚያ የኋለኞቹ ናቸው። በዚህም ላይ በቁልፉ ውስጥ ቺፕ ያላቸው መኪናዎች ኮምፒዩተሩ ቁልፉን ካላወቀው አይነሡም። ዕቃው ተሽጦ ይመለሳል፤ የተመለሰው ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ መደርደሪያ ላይ የተኛ ዕቃም የተኛ ገንዘብ ነው። ነጋዴው የከሰረው ዕቃው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን መዝገብ ስላልያዘለት ነው።

ስለዚህ ከሞተር ቃኚዎቹ ሥርዓት ለሱቅ የሚስማማው ቢወሰድ የሚከተለው ይሆናል። የሚገባው ኮምፒዩተር ሁሉ ሙሉ ቁጥሩ፣ የወጣበት መኪና ዐይነት፣ የሥሪት ዓመት፣ የሞተሩ መለያና የማርሹ ዐይነት በመዝገብ ይጻፍ፤ ይኸው በደረሰኙ ላይም ይገለጽ። የተሞከረው ከአልተሞከረው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ያልተሞከረውን «ተሞክሯል» ብሎ መሸጥ የአንድ ቀን ትርፍና የብዙ ዓመት ኪሳራ ነው። ከመኪናው ጋር የመጣ የፋብሪካ መጽሐፍ፣ ምንም ቢያረጅ፣ ለዕቃ መጠቅለያ አይዋል። ሜካኒኩ ይህ ቁጥር ለዚያኛው ሞተር አይስማማም ሲል ቃሉ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ምክንያቱም በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

«ይህን ሁሉ ጽፌ ለጎረቤቴ ባካፍል ገበያዬን አይወስድብኝምን?» የሚል ነጋዴ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያካፍለው ግን የገዛበትን ዋጋና የደንበኞቹን ስም አይደለም፤ እነዚህ የራሱ ምሥጢር ናቸው። የሚያካፍለው የትኛው ቁጥር ለየትኛው ሞተር እንደሚስማማ ነው። ገዢው አንድ ጊዜ የማይስማማ ኮምፒዩተር ገዝቶ ከከሰረ የሚሸሸው ከአንዱ ሱቅ ብቻ አይደለም፤ ያገለገለ ኮምፒዩተር ከሚባል ነገር ሁሉ ይሸሻል። የሁሉም ሱቅ ዕቃ በትክክል ቢሸጥ ግን ገበያው ራሱ ይሰፋል። የሞተር ቃኚዎቹም ታሪክ የሚያሳየው ይኸንኑ ነው፤ የልክ መዝገቡ በመታወቁ አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች ከመጣል ድነው እንደገና ፈላጊ አገኙ።

ባጭሩ፣ ፋብሪካ ዕቃውን ይሠራል፤ ዕድሜውን የሚያረዝሙት ግን ስለ ዕቃው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ነገ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መኪናዎች ሲያረጁ የባትሪያቸው ኮምፒዩተር ቁጥርም ይህንኑ ጥያቄ ያስነሣል። መዝገቡን መያዝ የሚጀመረው መኪናው ካረጀ በኋላ ሳይሆን፣ ዕቃው ወደ ሱቅ በገባበት በመጀመሪያው ቀን ነው።